ፀሐይ ስትበረታ የሚደክመው ወፍጮ

ወፍጮን በጆሮዬ የማውቅ ሰው ነኝ። ጉራ ነው የሚለኝ ካለ ከጊንጪ እስከ ጉደር ያሉትን ባለወፍጮዎች ይጠይቅ። በአውቶቡስ ሳልፍ፣ በመስኮት የሚገባውን ድምፅ ብቻ ሰምቼ፣ የትኛው ወፍጮ ማዞሪያ ቀበቶው፣ ቺንጊያው፣ እንደላላ፣ የየትኛው ድንጋይ ሳይወቀር እንደቆየ እናገር ነበር። አንድ ቀን ጊንጪ ላይ አጠገቤ የተቀመጠ አስተማሪ አላምንም አለኝ። አውቶቡሱ ተሳፋሪ እስኪጭን ወርዶ ባለወፍጮውን ጠይቆ ተመለሰ። አምቦ ስንወርድ ሻንጣዬን ተሸከመልኝ።

ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ ቆሟል። ከዚያ ወዲያ ያስተማረኝ አንድ የተበላሸ የናፍጣ ሞተር ነው። ባለቤቱ ለቁርጥራጭ ብረት ነጋዴ ሊሰጠው ሲል ለምኜ ወሰድኩት። ፈታሁት፤ እያንዳንዱን ዕቃ በጆንያ ላይ በተራ ደርድሬ ሥዕሉን በደብተር ጀርባ ሣልኩ። መጀመሪያ መልሼ ስገጥመው አምስት ብሎን ተረፈኝ። ሁለተኛ ስገጥመው ሁለት ተረፈ። በሦስተኛው ምንም አልተረፈም፤ ሞተሩም ተነሣ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ኮሌጅ የጨረሱ ልጆች መጽሐፍ ገልጠው ያቃታቸውን እኔ በመፍቻና በጆሮ ስፈታ ኖሬያለሁ።

ሙያህን በአንድ ቃል ንገረን ብትሉኝ መጠርጠር ነው እላለሁ። ጥሩ መካኒክ ሞተርን አያምንም፤ የሞተሩን ባለቤት ደግሞ ጨርሶ አያምንም። ባለቤቱ «ትናንት ደህና ነበር» ካለ የተበላሸው ትናንት ነው። «ማንም አልነካውም» ካለ ራሱ ነክቶታል። እንዲህ እየጠረጠርኩ ብዙ ጊዜ ትክክል ሆኛለሁ። ያልሆንኩበትን አንዱን ጊዜ ነው አሁን የምጽፈው፤ እሱንም ቢሆን ነገሩን መጨረሻ ላይ ያገኘሁት እኔው ነኝ።

ሁለት ሺህ አስርን ካለፍን ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ ከጉደር ወንዙን ተሻግሮ ባለች አንዲት የገጠር ቀበሌ በፀሐይ የሚሠራ ወፍጮ ሊተከል ነው ተባለ። የቀበሌዋ ሴቶች እስከዚያ ድረስ እህላቸውን በጀርባቸው ተሸክመው ጉደር ድረስ ይሄዱ ነበር። ክረምት ወንዙ ሲሞላ ደግሞ ጎተራው ሙሉ ሆኖ ዱቄት የሌለበት ቤት ብዙ ነው፤ በቆሎ እየቀቀሉ ይሰነብታሉ። ስለዚህ ወፍጮው ለእነሱ ትልቅ ነገር ነበር። ግን በነጻ የመጣ ዕቃ ነውና ፈሩ። «ከመቀበላችን በፊት አንድ የሚያውቅ ሰው ይየው» ብለው እኔን አስጠሩኝ። እኔን ማስጠራታቸው ትክክል ነበር።

ስደርስ ጥቋቁሮቹ የመስታወት ሰሌዳዎች፣ ሰዉ ሶላር የሚላቸው፣ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ በብረት ላይ ተጋድመው አገኘኋቸው። የታችኛው ጫፋቸው ከሴት ወገብ አይበልጥም። ሞተሩ ሳየው ሕፃን ያህላል። ከአምቦ የመጣው ባለሙያ ወጣት ነው፤ ጫማው ላይ ጭቃ የለም። ይሄ ራሱ አጠራጠረኝ።

«አባባ፣ ይኼ ናፍጣ አይጠጣም፣ ዘይት አይቀየርለትም። ፀሐይ ብቻ ነው የሚፈልገው» አለኝ።

«ደመና ሲሆንስ?»

«ቀስ ይላል።»

«ሲመሽስ?»

«ይቆማል። ያርፋል።»

«እሁድስ፣ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳል?»

ሴቶቹ ሳቁ፤ እሱም ሳቀ፤ እኔ አልሳቅኩም። ነገሩን ለጉደሩ የናፍጣ ወፍጮ ባለቤት፣ ለረጅም ጊዜ ደንበኛዬ፣ ብነግረው ሆዱን ይዞ ተንከተከተ። «ኦቦ፣ ፀሐይ ከፈጨች ጨረቃ ደግሞ ታቡካልና!» አለኝ፤ ኦቦ በኦሮምኛ ጋሼ እንደማለት ነው። ሳቁ ግን ከጉሮሮው አልወረደም። እነዚያ ሴቶች በሙሉ የእሱ ገበያ ነበሩ። ይህንንም በልቤ ያዝኩ።

ባለሙያው ከመሄዱ በፊት ለቀበሌው ሰው በግልጽ ተናገረ። «እስከ ኅዳር መጨረሻ ተጠቀሙበት። ያን ጊዜ መጥቼ አንድ ሙሉ ቀን እፈትነዋለሁ። ቀኑን ሙሉ ከፈጨ የእናንተ ነው። ካልፈጨ ነቅለን እንወስደዋለን፤ ሌላ ቀበሌ ተራ ይጠብቃል።»

ቁልፉን የተረከበችው ባሏ የሞተባት አንዲት ሴት ነበረች። ሁላችንም አዴ እያልን ነው የምንጠራት፤ በኦሮምኛ ለተከበረች ሴት የሚባለው ነው። ጴንጤ ናት። ድንጋዩ ሲዞር ከድምፁ ጋር መዝሙሯን ታዜማለች፤ እኔም ዜማዋ ሲዘገይ ሞተሩ መዘግየቱን አውቅ ነበር። ወፍጮው ከተነቀለ እሷ ወደ ሰው ማሳ ቅጥር ሥራ ትመለሳለች፤ ሌሎቹም ወደ ወንዙ።

እኔም ሳልጠየቅ ሁለት ትእዛዝ ሰጠሁ። አንደኛው፣ ድንጋዩ እየዞረ አዴ ከአጠገቡ ንቅንቅ እንዳትል ነው። ሁለተኛው የጥርስ ፈተና ነው። ወሩ ጥቅምት ነበር፤ የከረመው እህል አልቆ ሰዉ ሁሉ ገና በደንብ ያልደረቀ አዲስ በቆሎ ይዞ ይመጣል። እርጥብ በቆሎ ድንጋይ ላይ እንደ ሊጥ ይለጠፋል፤ እንዲህ ያለ ትንሽ ሞተር ደግሞ ይታነቃል። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ጆንያ አንድ ፍሬ አውጥቼ በመንጋጋዬ ሰበርኩ። ቀጭ ካለ ይፈጫል። እንደ ማስቲካ ከተኛ አይፈጭም።

«ያልደረቀውን ምን እናድርገው?» አለች አንዲት ወይዘሮ።

«አስጡት፣ ቀጭ እስኪል።»

«የት?»

«ፀሐይ ባለበት! ይኼ ምን ጥያቄ ነው?» አልኳት።

በመጣሁ ቁጥርም እየዞርኩ ጆንያ አስፈትቼ እነክሳለሁ። ያልደረቀ ያመጣችውን በሰው ፊት ወደ ቤቷ እመልሳለሁ። በዚህ ምክንያት «ኢልካን» የሚል ስም አወጡልኝ፤ ጥርስ ማለት ነው። የሞተር ሳይክሌ ድምፅ ከወንዙ ማዶ ሲሰማ ሕፃናቱ «ኢልካን ዹፌ! ጥርስ መጣ!» እያሉ ይሮጣሉ። እኔ ይህን እንደ ክብር ነበር የምቆጥረው።

ሦስት ሳምንት ሳይሞላ አዴ ደወለችልኝ።

«ጋሼ፣ ታመመብን።»

«ምን ሆነ?»

«ጠዋት ደህና ይፈጫል። ከረፋዱ አምስት ሰዓት ሲሆን ይዝላል። ስምንት፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ መልሶ ይነሣል።»

«ተሳስተሻል። ፀሐይ የምትበረታው ያኔ ነው።»

«እኔም እሱ ነው የገረመኝ።»

በነጋታው ሄድኩ። አምስት ሰዓት ሆነ፤ ስድስት ሆነ፤ ወፍጮው እንደ ጎረምሳ ይሮጣል። ግድግዳው ላይ ያለው ሳጥን የኃይሉን መጠን በቁጥር ያሳያል፤ ቁጥሩ ከፍ ብሎ አልወርድም አለ። ወደ ቤቴ ተመለስኩ። በሦስተኛው ቀን ደግሞ ተደወለ። ሄድኩ፤ ይሠራል። ተመለስኩ፤ ታመመ። አራት ጊዜ እንዲህ ሆነ።

እንግዲህ ሞተር ሰው አይቶ አያፍርም። የሰው እጅ አለበት አልኩ። መጀመሪያ የጠረጠርኩት የጉደሩን ባለወፍጮ ነው። እሱ ዘንድ ሄጄ በወሬ መሀል ዞር ዞር ብዬ ጠየቅኩት። ነቄ አለ። «ኦቦ፣ እኔ ወንዝ ተሻግሬ ፀሐይ ልሰርቅ ነው? በምን ተሸክሜ?» አለኝ። ቀጥሎ ባለሙያውን ጠረጠርኩ፤ ያረጀ ሶላር ቀብቶ አምጥቶ ይሆናል ብዬ ጀርባቸውን በጥፍሬ ፋቅሁ፤ ቀለም አልተነሣም። መጨረሻ ላይ የጠረጠርኩት አዴን ነው። በቀበሌው መብራት የለም፤ ስልክ ግን በየቤቱ አለ። እኩለ ቀን ላይ በድብቅ ሽቦ ዘርግታ ለሰው ስልክ ትሞላለች፣ እኔ ስመጣ ትነቅላለች አልኩ። ሽቦው የተቀበረበትን ቦይ ከወፍጮ ቤቱ እስከ ሶላሩ ድረስ እሷ እያየች በዶማ ቆፈርኩት። ምንም አልነበረም። አንድም ቃል አልተናገረችኝም፤ አፈሩን በእግሯ መለሰችው። ዝምታዋንም እንደ ጥፋት ቆጠርኩባት።

የጠረጠርኩት እኔ ብቻ አልነበርኩም። የቀበሌው ሽማግሌዎች ከወፍጮ ቤቱ ፊት ሰበሰቡን። ከመሀላቸው በዕድሜ የሚበልጡኝ አንድ አባት ከዘራቸውን መሬት ላይ ተክለው ተናገሩ።

«እኛ መካኒክ አይደለንም። አንድ ነገር ግን ልብ ብለናል። አንተ ስትመጣ ወፍጮው ይድናል፤ ስትሄድ ይሞታል።»

«ታዲያ ጎበዝ ሐኪም ማለት እንዲህ አይደለም?» አልኳቸው።

«ሐኪም በሽተኛውን አድኖ ነው የሚሄደው። አንተ ጤናውን ይዘህበት ትሄዳለህ» አሉኝ።

ሰዉ ተንጫጫ። አንዲት ሴት ከኋላ፦ «እንጀራው ናፍጣ ነዋ! ሶላር ከዳነ ማን ይጠራዋል?» አለች። በዕድሜዬ ብዙ ተብያለሁ፤ ሌባ ተብዬ ግን አላውቅም። ጆሮዬ ጋለ። በንዴት ወደ አዴ በጣቴ አመለከትኩ። «ቁልፉን የያዘው ማነው? እሷን ጠይቋት! እኩለ ቀን ላይ ኃይሉን የምትሸጠው እሷ ናት!» አልኩ።

አዴ ቁልፉን ከመቀነቷ ፈታችና መሬት ላይ አኖረችው። ሽማግሌዎቹ እስከ ፈተናው ቀን መልሰው አስያዟት። ለፈተናው የቀረው ዐሥር ቀን ነበር። ከወደቀ ወፍጮው ይነቀላል፤ እሷም የኃይል ሌባ ተብላ ትቀራለች፤ ያልኩት ደግሞ እኔ ነኝ፤ ያውም ያለ ማስረጃ። የዚያን ቀን ወደ ቤቴ ስመለስ ሞተር ሳይክሌ ላይ ሆኜ ከራሴ ጋር ተጣላሁ። ቦዩን ቆፍሬ ባዶ አግኝቼ ሳለ እንዴት እንዲያ እላለሁ?

ከዚያ አንድ ሐሳብ መጣልኝ፤ የኔ ሐሳብ ደግሞ ሲመጣ ጥሩ ሆኖ ነው የሚመጣው። ወፍጮው ደህና የሚሆነው እኔ ስኖር ከሆነ፣ እኔ ሳልኖር ማየት አለብኝ። በማግሥቱ ሞተር ሳይክሌን ጉደር አቆምኩ፤ ሁሉም የሚያውቀውን ቆቤን አወለቅሁ፤ የባለቤቴን ጃንጥላ ይዤ በኋላ በኩል ባለው የእግር መንገድ ሄድኩ። ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ያለው ኮረብታ ላይ ወጥቼ አንድ ቁጥቋጦ ሥር ተቀመጥኩ።

እስከ አራት ሰዓት ተኩል ድንጋዩ ደህና ዞረ። ከዚያ ከሩቅ መንደር የሚመጡት ሴቶች መድረስ ጀመሩ። ጆንያቸውን አወረዱ። አንዷ ፍሬ አውጥታ ነከሰች፤ ራሷን ነቀነቀች። ግቢውን አየች፤ ግቢው ያለ ወቅቱ ዘንቦበት ጭቃ ነው፣ ዶሮም ሞልቶታል። ወደ ቤቱ ጀርባ ዞረች። ነጠላዋን ከትከሻዋ አወረደች፤ በሶላሩ የታችኛ ጫፍ ላይ ዘርግታ በቆሎዋን አሰጣች። ሁለተኛዋ ከጎኗ አሰጣች። ሦስተኛዋም። አምስት ሰዓት ሲሆን የሶላሩ ግርጌ ከዳር እስከ ዳር ቢጫ ሆነ። ያን ጊዜ የድንጋዩ ድምፅ ወረደ። የአዴ መዝሙርም አብሮ ወረደ።

እንዴት ከኮረብታው እንደወረድኩ አላስታውስም። ጃንጥላው እዚያው ቀርቷል። አንዲት እናት በቆሎዋን በመዳፏ እያገላበጠች ደረስኩባት።

«ምን እየሠራችሁ ነው?»

ደነገጠች። «ውይ! ኢልካን! ሞተርህስ የት ሄደ?»

«እሱን ተዪው። እዚህ ላይ አስጡ ያለሽ ማነው?»

«አንተ ነሃ።»

«እኔ?»

«ፀሐይ ባለበት አስጡት አላልክም? ያ የአምቦው ልጅ ቀኑን ሙሉ ሲለካ ውሎ፣ ከግቢው ሁሉ ፀሐይ የሚበዛው እዚህ ነው ብሎ ይሄን ተከለ። ታዲያ ከዚህ የበለጠ ፀሐይ ከየት እናምጣ?» ነጠላዋን ዳሰሰች። «ደግሞ ከሥሩም ይሞቃል፤ በሦስት ሰዓት ውስጥ ቀጭ ይላል።»

«እኔ ስመጣስ ለምን አይቼው አላውቅም?»

ሌላዋ መለሰች፦ «ሞተርህ ከማዶ ሲጮህ ጠራርገን እንደብቃለና! እርጥብ ይዛ የተገኘችውን ታዋርዳለህ።»

የመስታወቱ ጥቋቁር ቁራጮች እርስ በርስ የተሳሰሩ መሆናቸውን ባለሙያው በተከለበት ቀን ነግሮኝ ነበር። በአንድ ገመድ ተያይዘው እንደሚሄዱ በቅሎዎች ናቸው፤ የኋለኛዋ ከተኛች የፊተኞቹም ይቆማሉ። ስለዚህ ግርጌውን ብቻ መሸፈን ሁሉንም ማዳከም ነው። እኔ ደግሞ ስሰማው ይሄን ምክር ለሌላ ሰው የሚሰጥ ነገር አድርጌ ነበር የወሰድኩት። አዴም ቢሆን ጀርባውን እንዳታይ ከድንጋዩ አጠገብ አትነቃነቂ ብዬ ያሰርኳት እኔ ነኝ።

ሴቶቹ ነጠላቸውን እንዲያነሡ አደረግሁ። ከውስጥ የድንጋዩ ድምፅ ወዲያው ተነሣ። አዴ ብቅ ብላ በቆሎውንም እኔንም አየች። ሁሉም ገባት፤ ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

በማግሥቱ ሽማግሌዎቹን ራሴ አስጠራሁ። እንዲህ ያለ ንግግር አልለመድኩም፤ ቆሜ ተናገርኩ። «አዴ አንዲት ነገር አልነካችም። ያልኳት ሐሰት ነው። አስጡ ያልኩት እኔ፣ ቦታውን ያላሳየሁት እኔ፣ በጥርሴ አስፈራርቼ ያስደበቅኋቸውም እኔ ነኝ።» ትእዛዜ ራሱ ስሕተት ነበር አላልኩም፤ አልነበረምና። እርጥብ በቆሎ ዛሬም ድንጋይ ይገድላል።

ባለከዘራው አባት፦ «ስለዚህ ሌባው ማን ሆነ?» አሉ።

«በቆሎ» አልኩ።

«በሉ እሰሩታ!» አለች ከኋላ ያችው ባለምላስ። ሰዉ ሁሉ ሳቀ። አዴ ግን አልሳቀችም። «ጋሼ፣ ቦዩን ስትቆፍር ዝም ያልኩት የምለው አጥቼ አይደለም። ጨርሰህ ራስህ እስክታየው ነው» አለችኝ። ይህን ከቁጣ ሁሉ አብልጬ ፈራሁት።

ከልክሎ መሄድ መፍትሔ አይሆንም፤ በቆሎው መድረቅ አለበት። ስለዚህ ለፀሐይ ሌላ ሥራ ሰጠኋት። ከባሕር ዛፍ አግዳሚ ረጅም አልጋ የመሰለ ማስጫ ሠራሁ። ከሥር ጥቁር የተቀባ ቆርቆሮ፣ መሀል ላይ ወንፊት ሽቦ፣ ከላይ ነጭ ላስቲክ። በመጀመሪያው ቀን ላስቲኩ ከውስጥ አላበው፤ በቆሎው ከመድረቅ ይልቅ ተቀቀለ ማለት ይቀላል። ዙሪያውን በጣም ደፍኜው ነበር። በሁለተኛው ቀን ከታች አየር መግቢያ፣ ከላይ ደግሞ እንፋሎቱ የሚወጣበት ቀዳዳ አበጀሁለት። በሦስተኛው ቀን አንዲት ፍሬ አውጥቼ ነከስኩ። ቀጭ አለች። ድምፁን በዙሪያዬ የቆሙት ሁሉ ሰሙት።

የፈተናው ቀን ባለሙያው ከአምቦ በጠዋት ደረሰ። በዚህ ጊዜ ጫማው ጭቃ ነበር፤ ትንሽ ወደድኩት። አዴ በአንድ ሰዓት ተኩል ድንጋዩን አስነሣች። ሴቶቹ ጆንያቸውን በማስጫው በኩል እያሳለፉ ተራ ያዙ። አምስት ሰዓት ሆነ። ሌላው ሁሉ የሳጥኑን ቁጥር ያያል። እኔ ግን ዓይኔን ጨፍኜ ነበር የምሰማው። ድምፁ አልወረደም። ስድስት ሰዓት ላይ እንዲያውም ከፍ አለ፤ መዝሙሯም ከእሱ ጋር። ከቀኑ ዐሥር ሰዓት ተኩል ላይ የመጨረሻዋ ጆንያ ተፈጨች። ልጁ ደብተሩን አጥፎ «የእናንተ ነው» አለ። ወደ እኔ ዞሮም፦ «አባባ፣ ያ ማስጫ የማን ነው? ፎቶውን ላንሣ?» አለኝ።

«አንሣ» አልኩት። «እኔም አብሬ ልቁም።»

እንግዲህ ከዚህ ነገር በእጄ የተሠሩትን ለልጅ ልጆቼ እንዲቀሩ እዘረዝራለሁ፤ ሌላ ሰው ቢዘረዝረው ያሳንሰዋል።

የፀሐይ ወፍጮ ለምን እኩለ ቀን ላይ እንደሚደክም፣ ምንም መሣሪያ ሳልይዝ፣ በቁጥቋጦ ሥር ተቀምጬ አገኘሁ።

ጉደርና ጊንጪ አካባቢ ዛሬ ሰዎች የሚሠሩትን ባለላስቲክ የእህል ማስጫ መጀመሪያ ሠራሁ። በኋላ ለበርበሬና ለሽንኩርትም ሆኗል።

በሶላሩ ዙሪያ አጥር አጠርኩ፤ በሩ ላይ «ነጠላ አይዘረጋም» የሚል በሁለት ቋንቋ ጻፍኩ፤ ኦሮምኛውን አዴ አርማልኛለች።

የጉደሩ ባለወፍጮ ራሱ ሶላር ሊያስተክል ምክር ጠየቀኝ፤ መጀመሪያ ስለ ጨረቃዋ አስታወስኩት፤ ከዚያ መከርኩት።

በሐሰት የወነጀልኳትን ሴት በወነጀልኩባት ቦታ፣ በዚያው ሰው ፊት ነጻ አወጣሁ።

«የት?» ብሎ ለሚጠይቀኝ ሰው ተነሥቼ ሄጄ ቦታውን በእጄ ማሳየት ጀመርኩ።

ወፍጮውም እዚያው አለ። እኩለ ቀን ላይ በጉደር መንገድ ሳልፍ፣ ነፋሱ ከዚያ በኩል ከሆነ፣ ሞተር ሳይክሌን አጥፍቼ አዳምጣለሁ። እስካሁን አንድ ቀን አልዘገየም።